ስልሳ ስምንት ኦም

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ሬዚስተር አለች። መጠኗ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ልኳ 68 ኦም ነው። ከተበላሸ ቴፕ ውስጥ ነቅዬ ያወጣኋት ናት፤ ብትገዛም ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። በአጎቴ ግራ ክንድ ላይ ከክርኑ እስከ አንጓው የሚታየው ጠባሳ ግን በእሷ ሰበብ የመጣ ነው። እሷን እዚያ ቦታ ያስገባኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህንን ታሪክ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ እንድናገር ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ርዕስ መርጫለሁ። በጽሑፍ ይቀለኛል መሰለኝ። ስለ መኪና ምንም የማታውቁ ብትሆኑም አብራችሁኝ ቆዩ፤ የሽቦውን ነገር በሚገባ ቋንቋ አስረዳለሁ።

አጎቴ ያሳደገኝ ሰው ነው። ሥራው ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ በኮንትራት ሰው ማመላለስ ነበር። መኪናው ሁላችሁም የምታውቁት ቶዮታ ኮሮላ፣ "ዲኤክስ" የምንለው ነው። ድሬ ውስጥ ያረጀ መኪና አይጣልም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደርሶ ከተማዋ በሐዲዱ ዙሪያ ከተቆረቆረች ጀምሮ ብረት መጠገን የከተማዋ ሙያ ነው። የሽሜንደፈር ወርክሾፕ ያፈራቸው የእጅ ባለሙያዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ፔጆ 404 ታክሲዎቻችንም ፋብሪካቸው ከረሳቸው ብዙ ዘመን በኋላ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለዚህ የዲኤክሱ ሞተር ሲያልቅ አጎቴ መኪናውን አልሸጠም። ከሌላ መኪና የወጣ የኢንጀክሽን ሞተር ገዝቶ አስገጠመ።

ካርቡራተር ያለው ሞተር ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። የኢንጀክሽን ሞተር ግን መቼና ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስንለት ኮምፒውተር ይፈልጋል። የተገዛው ሞተር ደግሞ ሽቦው ተቆርጦ፣ ኮምፒውተሩ ቀርቶ ነበር የመጣው። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ "ሜጋስኩዌርት" የሚባለውን ላከልን። ይህ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የነደፉት ኮምፒውተር ነው። የመኪና ፋብሪካ ዕቃ አይደለም፤ ክፍሎቹን በሊድ እየበየዳችሁ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት፣ ከያዛችሁት ሞተር ጋር እንዲስማማ በላፕቶፕ የምታስተካክሉት ነው።

ያኔ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቸርች ውስጥ ግን ከተመረቅሁ ቆይቻለሁ፤ ማይክ ሲበላሽ "ኢንጂነሩን ጥሩት" ነው የሚባለው። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ በአጎቴ ግቢ ውስጥ አምፖል አንጠልጥዬ ሠራሁ። አንድ ረቡዕ ማታ ሞተሩ ተነሣ። አጎቴ "ጌታ ይመስገን!" ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዳሽቦርዱን አየ።

"አቦ፣ የሙቀቱ መርፌ አይሠራም እንዴ?"

"እሱ ቀላል ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

ቀላል አልነበረም። ፋብሪካው ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጠው የሙቀት ጌጅ የሚሠራው በአንዲት ሽቦ ነው። ከባትሪ የመጣው ኤሌክትሪክ በጌጁ ውስጥ አልፎ በዚያች ሽቦ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሞተሩ ላይ፣ ጫፉ የሚዞረው ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ የናስ ሴንሰር አለ። ኤሌክትሪኩ በእሱ አልፎ፣ በሞተሩ ብረት በኩል ማሳ ይገባል። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ሴንሰሩ ኤሌክትሪኩን አጥብቆ ይይዛል፤ ውሃው ሲሞቅ ይለቀዋል። ብዙ ባለፈ ቁጥር መርፌው ከፍ ይላል። መካኒኮች ይህንን የመያዝ ኃይል በኦም ይለኩታል።

ኮምፒውተሩም ሙቀቱን ማወቅ አለበት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋልና። የእሱ ሴንሰር ግን ሁለት ሽቦ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ ባለ ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልክና ሴንሰሩ ላይ ስንት ቮልት እንደቀረ ያነባል። ሁለቱም ሴንሰሮች ሲሞቁ ኦማቸው ይቀንሳል፤ ቁጥራቸው ግን አይገናኝም። የእኛ ኮምፒውተር ሴንሰር 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ ወደ 180 ኦም ነው። ለዲኤክሱ ጌጅ 180 ኦም ማለት ገና ለብ ማለት የጀመረ ሞተር ነው። "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ተባብለው አንዱ በእኛ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት እንደሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን አይገናኙም።

ሌላም ችግር ነበር። በአዲሱ ሞተር የውሃ መውጫ ላይ የነበረው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም የኮምፒውተሩ ሴንሰር ይዞታል። እኔም "አንድ ሴንሰር ለሁለት ቢሠራ ምን አለበት?" ብዬ የጌጁን ሽቦ ከኮምፒውተሩ ሴንሰር ሽቦ ጋር ቀጠልኩት። ሞተሩ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። በጌጁ በኩል የመጣው የባትሪ ኤሌክትሪክ በኮምፒውተሩ 5 ቮልት ላይ ገብቶበት ነበር። ኮምፒውተሩ ያነበበው ከፍ ያለ ቮልት ነው፤ ከፍ ያለ ቮልት በእሱ ቋንቋ "ሞተሩ በረዶ ነው" ማለት ስለሆነ ቤንዚን ዝም ብሎ ያፈስሳል። መርፌውም ሞተሩ እየነደደ ከታች አልተነሣም። ካንዴላዎቹ ጠቁረው ወጡ። ቶሎ ነቀልኩት፤ ኮምፒውተሩ ሳይቃጠል መትረፉም ምሕረት ነው።

ይህ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከመዘምራኑ አራታችን ሐረር ወዳለው የወጣቶች ኮንፈረንስ በአጎቴ መኪና ልንሄድ ተነጋግረናል። አጎቴ ሐሙስ ማታ ቁርጡን ነገረኝ።

"መርፌው ካልሠራ ደንገጎን አልወጣም። ሌላ መኪና ፈልጉ።"

"እስከ ነገ ይሠራል።"

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ትክክለኛው መንገድ ለጌጁ የራሱን ሴንሰር በራሱ ቀዳዳ መስጠት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ለዚያ ግን ቶርኖ ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ቀናት ይወስዳል። ለመዘምራኑ "አልቻልኩም" ማለትም አለበት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አጎቴ እራት ሲበላ፣ የጌጁን ሽቦ በ68 ኦም ሬዚስተር በኩል በቀጥታ ከማሳ ጋር አሠርኩት። ቁልፉን ሳዞር መርፌው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከመሃል ዝቅ ብሎ ቆመ። ጤነኛ ሞተር የሚቆምበት ቦታ ላይ። ከምንም ሴንሰር ጋር አልተገናኘም። ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢቃጠልም እዚያው ነው።

"ሠራ?" አለኝ አጎቴ ከደጅ።

"ሠርቷል፣ ጋሼ።"

ራሴን ያሳመንኩበትን ቃል አስታውሳለሁ። "ጊዜያዊ ነው፤ ከኮንፈረንሱ ስንመለስ በደንብ እሠራዋለሁ።" ውሸቶቼ ሁሉ ሲጀምሩ ጊዜያዊ ነበሩ።

የደንገጎን ዳገት የማታውቁት ካላችሁ፣ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የሐረሩ መንገድ ከከተማዋ እንደወጣ ተራራውን እየተጠመዘዘ ይያያዘውና በአጭር ርቀት ከ2,000 ሜትር በላይ ያደርሳችኋል። መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው መንገድ ነው። ሞተሩ ብዙ ይደክማል፤ መኪናው ቀስ ስለሚል ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። በየማንቆርቆሪያችን ሥር ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረው ውሃ በራዲያተሩ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥም ያንኑ ቅርፊት ለዓመታት ሲጋግር ኖሯል። እኛ ያንን አላየንም።

ከፊት አንዲት የነርሲንግ ተማሪ እህታችን፣ ከኋላ እኔና ሁለት ወንድሞች ሆነን እየዘመርን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ጉልበት አነሰው። ከዚያ ሽታ መጣ፤ የጋለ ብረትና የጎማ ሽታ። ሽታውን ከሁሉም ቀድሜ አውቄዋለሁ። አጎቴ ዳሽቦርዱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ሙቀት አይደለም፤ መርፌው ደህና ነው። የቤንዚን ነገር ይሆናል።"

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፦ "ጋሼ፣ መርፌው አልተገናኘም።" አፌ ላይ ነበረች። ነገር ግን "ኢንጂነር" የሚሉኝ ሰዎች ግራና ቀኜ ተቀምጠዋል። "ዳር ያዝና ትንሽ እንየው" ብቻ አልኩ።

አጎቴ ዳር ያዘ፤ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፈተ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። የፈላ ሞተር የራዲያተር ክዳን እንደማይከፈት ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን መርፌው አልፈላም ብሎታል። ጨርቅ ያዘና ክዳኑን አዞረው። እኔ ከኋላ በር ስወጣ "ቆይ!" አልኩ፤ አልደረሰም።

ለምን እንደዚያ እንደሚፈነዳ ላስረዳችሁ፤ ለሕይወታችሁ ይጠቅማልና። የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ ይይዛል። በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ይፈላና በእንፋሎት ተገፍቶ ይወጣል። የወጣው በአጎቴ ክንድ ላይ ነው።

አንዱ ወንድም ኮልጌት እንቀባው አለ። ነርሷ እህታችን "ምንም አትቀቡት!" ብላ ጮኸችና የመጠጥ ውሃ የያዝንበትን ጀሪካን ነጥቃ በክንዱ ላይ ቀስ እያለች ማፍሰስ ጀመረች። ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እንጂ ቅባትም፣ ኮልጌትም፣ ቅቤም አይደረግም። ይህንንም ያዙ። ከዚያ ወደ ድሬ የሚወርድ ሚኒባስ አስቁመን ሆስፒታል ወሰድነው።

አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር። "መርፌው እኮ መሃል ነበር።" ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥፋቱን ከአሜሪካ በመጣው ኮምፒውተር ላይ ጣለ። አሜሪካ ያለው ልጁ ደውሎ "አባ፣ ይቅር በለኝ፤ ባልልከው ይሻል ነበር" እያለ ሲያለቅስ ስልኩን በአጎቴ ጆሮ ላይ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እጁ በፋሻ ስለታሰረ።

ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በዚያ ዳገት ላይ የሞተሩን ሙቀት በትክክል ያውቅ ነበር። ሴንሰሩ ውሃው ውስጥ ነበር፤ በየቅጽበቱ ያነብ ነበር። ላፕቶፕ ብንሰካ ቁጥሩን ያሳየን ነበር። እውነቱ መኪናው ውስጥ ነበረ፤ ወደ መርፌው የሚወስደው ሽቦ ነው ያልነበረው። በዚያ ሽቦ ቦታ እኔ "ደህና ነኝ" የሚል ነገር አሥሬበታለሁ።

ለእግዚአብሔር በመጀመሪያው ሌሊት ነገርኩት። ለእሱ መንገር ከባድ አልነበረም፤ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለአጎቴ ለመንገር ስምንት ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ ቀናት እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ግን ብዙውን ጊዜ የምጸልየው አጎቴን ከማናገር ለመሸሽ ነበር። በስምንተኛው ቀን ፋሻው ሊቀየር ሲል ሬዚስተሯን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"ክዳኑን የከፈትኩት መርፌውን አምኜ አይደለም። አንተን አምኜ ነው።"

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ አላባበለኝም። "መጀመሪያ ለልጄ ደውልና ንገረው፤ እየተቃጠለ ነው ያለው" አለኝ። "ከዚያ መርፌውን ሥራው።"

ደወልኩ። ስለዚያ ስልክ የምጽፈው የለኝም፤ ያጎቴ ልጅ ይቅር ብሎኛል፤ ይበቃል።

መርፌውን እንዴት መሥራት እንዳለብኝ ያስተማሩኝ ከዚራ የሚኖሩ የሽሜንደፈር ጡረተኛ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሎኮሞቲቭ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። የጌጁን ሴንሰርና ቴስተር ይዤ ሄድኩ። ቁጥሮቼን ሳሳያቸው ወረቀቱን አላዩትም።

"ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" አሉኝ።

"በ100፣ አባባ።"

"የት?"

ዝም አልኩ።

"ጅቡቲ ላይ ከሆነ እሺ። ድሬ ግን ከፍ ትላለች፤ እዚህ ወደ 96 ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። አቦ፣ መጽሐፉን ሳይሆን ያለህበትን ቦታ እወቅ። በል፣ ድስት አምጣ።"

ግቢያቸው ውስጥ ከሰል ተያይዞ፣ ድስት ተጥዶ፣ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥለን ከቴርሞሜትር ጋር ውሃው ውስጥ አገባነው። ብረቱ የድስቱን ሥር እንዳይነካ ተጠነቀቅን፤ ሥሩ ከውሃው ይልቅ ይሞቃልና። ውሃው 50 ዲግሪ ሲደርስ ቴስተሩ ወደ 220 ኦም አሳየ። በ80 ዲግሪ ወደ 75። ሲፈላ፣ በ96 ላይ፣ ወደ 45። የእኔዋ 68 ኦም በዚህ መስመር ላይ ስትቀመጥ 83 ዲግሪ አካባቢ ትሆናለች። ለዚህ ነው መርፌው ያን ያህል ጤነኛ ይመስል የነበረው። በጥንቃቄ የተመረጠች ውሸት ነበረች።

ከዚያ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለሙያው በላይኛው የራዲያተር ጎማ መሃል የሚገባ አጭር የናስ ቱቦ ቀረጸልን፤ ጎኑ ላይ ለሴንሰሩ ጥርስ አወጣለት። ጎማውን ቆርጠን ቱቦውን አስገብተን በፋሸታ አጠበቅነው። ሴንሰሩን አሠርኩት፤ ሽቦውን ቀጠልኩ፤ ቁልፉን አዞርኩ። መርፌው ከታች አልተነሣም። ሞተሩ ሞቀ፤ አሁንም የለም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግሁ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የጌጁ ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በራሱ አካል፣ ከሞተሩ ብረት ጋር በመነካካት ነው። እኔ ደግሞ በሁለት ጎማዎች መሃል አንጠልጥዬዋለሁ፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውሃውን ይነካል፤ የሚሰማውን የሚያወርድበት መሬት ግን የለውም። ከናሱ ቱቦ ወደ ሞተሩ ብረት አንዲት አጭር ሽቦ አሠርኩ። መርፌው ተነሣ። ይህንን የምትሞክሩ ካላችሁ ሁለት ነገር አስታውሱ፦ ጎማ መሃል የሚገባ ቱቦ የራሱ የማሳ ሽቦ ይፈልጋል፤ በሴንሰሩ ጥርስ ላይ ቴፍሎን አብዝታችሁ ብትጠመጥሙም ያንኑ ማሳ ታቋርጡበታላችሁ።

ሌላም መንገድ አለ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያውቀውን ሙቀት በአንድ መውጫ ሽቦው በፈጣን ምት እንዲልክ ይደረግና፣ በመሃል ትራንዚስተር ገብቶ የጌጁን ሽቦ ወደ ማሳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምቱ ረዘም ባለ ቁጥር መርፌው ይወጣል። የትኛው ምት የትኛውን ሙቀት እንደሚያሳይ ግን እናንተው በድስትና በቴርሞሜትር ነጥብ በነጥብ መሙላት አለባችሁ። ሥራው ንጹሕ ነው። እኔ የመረጥኩት ግን ሁለት ሴንሰር ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሳሳት መርፌው፣ መርፌው ቢሳሳት ኮምፒውተሩ ይመሰክርበታል። ጉድለትም አለው፦ ቴርሞስታቱ ከፍቶ ውሃው ወደ ጎማው እስኪደርስ መርፌው ይዘገያል። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ላይ ቀርቶ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አጎቴ አሁንም በየማለዳው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ያያል። ሐቀኛ መርፌም ቢሆን ብቻውን አይታመንም ይላል።

ራዲያተሩን ፈትተን ቅርፊቱን አስጠረግን። አጎቴ ክንዱ ሲድን፣ ከአደጋው ሁለት ወር ያህል በኋላ፣ "ና፣ እንውጣው" አለኝ። ሁለታችን ብቻ ሄድን። እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ሰክቼ የኮምፒውተሩን ቁጥር እያነበብኩ፣ እሱ መርፌውን እያየ።

"መሃል" ይላል።

"88" እላለሁ።

ከፍ እያልን ሄድን። ያቺ ቦታ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም። ትንሽ አልፈናት ሄደን መርፌው መንቀሳቀስ ጀመረ። ከመሃል አለፈ።

"ወጣ" አለ አጎቴ።

"97" አልኩ።

እስካሁን የፈራሁት ይህንን ነበር፤ መርፌው ሲወጣ አጎቴ የሚሆነውን። እሱ ግን መሪውን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። "አቦ፣ ይናገራል!" አለ። ዳር ያዝን፤ ሞተሩን ሳናጠፋ ቆምን፤ ክዳኑን ማንም አልነካውም። ከታች ድሬ በጭጋግ ውስጥ ትታያለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መርፌው ቀስ እያለ ወደ መሃል ተመለሰ። ቀጠልን፤ ሐረር ደረስን፤ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ወዳጆቼ፣ እሑድ ጠዋት በቸርች በር ላይ ስንገናኝ ስንቶቻችን እንደምንለው አስቡት፦ "ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ምስጋናም ነው። እኔ ግን አጎቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በነበረው እሑድም ያንኑ ብያለሁ፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። ማንም አልጠረጠረም። ጥሩ ሬዚስተር መርጬ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ያለበለዚያ ትሳሳቱብኛላችሁ። በዘመኑ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ፋብሪካው ሆን ብሎ መርፌውን መሃል ላይ ያረጋጋዋል። ሙቀቱ በጤናማው ክልል ውስጥ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል መርፌው አይነቃነቅም፤ ሾፌሩ በከንቱ እንዳይደነግጥ። ይህ ውሸት አይደለም። የልባችሁን እያንዳንዱን ዲግሪ በበሩ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ ማሳየት የለባችሁም። ያ መርፌ ግን ከሞተሩ ጋር የተገናኘ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ይወጣል። ልዩነቱ ሽቦው መኖሩ ላይ ነው። ጭንቀቱ፣ ኃጢአቱ፣ ወይም ሐዘኑ ከልክ ሲያልፍ የሚያውቅላችሁ አንድ ሰው አለ? የእናት፣ የጓደኛ፣ የሽማግሌ ጆሮ፤ ቢያንስ አንድ?

ከሌላችሁ በዚህ ሳምንት አንዱን ፈልጉ። ከዳገቱ በፊት።

አጎቴ አሁንም ይነዳል። ሐረር ስንሄድ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሸሚዙን ሲሰበስብ ጠባሳውን አየዋለሁ። አልፎ አልፎ ዳሽቦርዱን እያየ ይጠይቀኛል፦

"ሠርቷል?"

አሁን ወዲያው አልመልስም። ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ አያለሁ።